የተጠማ ክር

ፍሬው በመዳመጫ የወጣለት ጥሬ ጥጥ ውሃ ላይ ሲጣል አይሰምጥም። ተነድፎ ባዘቶ ቢሆንም ጠባዩን አይለቅም፤ በጣት ተጭነው ቢደፍቁት እንኳ ተመልሶ ብቅ ይላል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው ጥጥ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። የአውሮፓ የመድኃኒቶች መመዘኛ መጽሐፍ፣ ፋርማኮፒያ የሚባለው፣ ለዚህ ጥጥ ያወጣው ፈተና የቤት ውስጥ ጨዋታ ይመስላል፦ 5 ግራም ጥጥ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ በተሠራች ቅርጫት ይጨመራል፣ ቅርጫቷ ከውሃው ገጽ ጥቂት ከፍ ተደርጋ ትለቀቃለች፣ ሰዓት ይያዛል። ለመስመጥ ከ10 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ወድቋል። ከዚያ ቅርጫቷ ወጥታ ውሃዋን ካንጠባጠበች በኋላ ትመዘናለች፤ እያንዳንዱ ግራም ጥጥ ቢያንስ 23 ግራም ውሃ ይዞ መገኘት አለበት።

ሁለቱም ጥጦች ከአንድ ማሳ የተለቀሙ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያቸው ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ የማይዘል ሰም ነው። ተክሉ ክሩን በዚህ ሰም የለበጠው ዝናብ እንዳይገባው ነው። ፋብሪካው ደግሞ ጥጡን በኮስቲክ ሶዳ ይቀቅልና ሰሙን ያወጣለታል፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያነጣዋል፣ አጥቦ ያደርቀዋል። በጀርመን የቲዩቢንገኑ ቀዶ ሐኪም ቪክቶር ፎን ብሩንስ ያስተዋወቀውን ይህን ጥጥ የሃይደንሃይሙ ፓውል ሃርትማን በ1873 በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሰባት ዓመት በኋላ የእንግሊዟ በርሚንግሃም ሐኪም ሳምሰን ጋምጂ ጥጡን በሁለት ጎዝ መካከል አድርጎ የቁስል መሸፈኛ ሠራ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ሞዴስም ሆነ ዳይፐር በመሠረቱ የዚያ ፋሻ የልጅ ልጅ ነው፦ ከላይ ስስ ልብስ፣ መሃል ጠጪ፣ ከታች ሌላ ልብስ።

እንግዲህ ጥማቱ የሚመጣው ከየት ነው? ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓየን በ1838 የዕፅዋትን አካል እየፈታ ሲመረምር ሁሉም ጋ የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር ለየ፤ ሴሉሎስ ተባለ። ሴሉሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። የጤፍም የድንችም ስታርች እንዲሁ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ ዋናው ልዩነታቸው የመያያዣው አቅጣጫ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት አንዱን ራት፣ ሌላውን ልብስ አድርጋቸዋለች። በሴሉሎስ ሰንሰለት ላይ እያንዳንዱ ግሉኮስ ሦስት የሃይድሮክሲል ጫፎች አሉት፤ እነዚህ ጫፎች ከውሃ ጋር ይሳሳባሉ። ነገር ግን እርስ በርሳቸውም ይሳሳባሉ። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተኝተው በእነዚሁ ጫፎች ጥብቅ ብለው ስለሚያያዙ ውሃ ክሩን ያረጥበዋል እንጂ አያሟሟውም። ነጠላ ታጥቦ ነጠላ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይከተላል። ጥጡ ያነሣው 23 ግራም ውሃ በአብዛኛው ክሩ ውስጥ አልገባም። በክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ተይዞ ተቀምጧል እንጂ። ስለዚህ ጥጡን ሲጨምቁት ውሃው ይወጣል። ለቁስል ይህ ብዙም አያስቸግርም። ለሞዴስ ግን ትልቅ ችግር ነው፤ ሞዴስ የምታደርግ ሴት ትቀመጣለች፣ ትሮጣለች፣ ትተኛለች፣ በገዛ ክብደቷ ትጨምቀዋለች። የዚህ ኢንዱስትሪ የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው ማለት ይቻላል፦ ክሩ የጠጣውን ሲጫኑት እንዳይመልስ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ግን ከጥጥ የረከሰ ክር ያስፈልግ ነበር። በ1914 የአሜሪካው የወረቀት ኩባንያ ኪምበርሊ ክላርክ ሰዎች፣ ጄምስ ኪምበርሊና ትውልደ ኦስትሪያዊው ኬሚስት ኧርንስት ማህለር፣ የአውሮፓን የወረቀት ፋብሪካዎች ሲጎበኙ ከእንጨት ፐልፕ የተሠራ የተሸበሸበ ንጣፍ አዩ። አገራቸው ተመልሰው አሻሻሉትና ሴሉኮተን አሉት። ከጥጥ አምስት እጥፍ ይጠጣል፣ ዋጋውም የጥጥ ግማሽ ነው ተባለለት። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ ጥጥ ለቁስል ብቻ ሳይሆን ለባሩድ መሥሪያም ይፈለግ ስለነበር እጥረት ነበረ። ሴሉኮተን ወደ ጦር ሆስፒታሎች ጎረፈ። እዚያ ያሉ ነርሶች ፋሻውን ለቁስለኞቹ ብቻ አላዋሉትም፤ በወር አበባቸው ጊዜ ለራሳቸውም ተጠቀሙበት። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙ ሴሉኮተን የተረፈው ኩባንያ የነርሶቹን ብልሃት ወስዶ በ1920 ኮቴክስ ብሎ ለገበያ አወጣው። ሻጩም ገዢዋም ስለሚያፍሩ ሱቆች እቃውን ከአንድ ሣጥን ጋር ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጡ ተመከረ፤ ገዢዋ ሳንቲሟን ጨምራ፣ ማንንም ሳታናግር፣ ይዛ ትሄዳለች። የፈጠራውን ሐሳብ ያመነጩት ነርሶች ስማቸው የትም አልተመዘገበም።

ከእንጨት ክር ማውጣት ከጥጥ ሰም ከማውጣት እጅግ ይከብዳል። ከእንጨት ክብደት ሴሉሎስ ከግማሽ ያንሳል፤ ሩብ ያህሉ ሊግኒን ነው። በጭቃ ቤት ግድግዳ ጭዱ ሴሉሎስ ቢሆን ጭቃው ሊግኒን ነው፤ ዛፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ ውሃም የማይወደው እሱ ነው። ፋብሪካው የተቆራረጠውን እንጨት በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይቀቅላል፣ ሊግኒኑ ሟሙቶ እንደ ጥቁር ፈሳሽ ይወጣል፣ የቀረው ክር ይነጣል። ድሮ የሚነጣው በክሎሪን ጋዝ ነበር፤ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ እንደሚፈጠር ከታወቀ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ወደ ክሎሪን ዳይኦክሳይድና ወደ ኦክስጅን ዞረዋል። ለሞዴስና ለዳይፐር የሚመረጠው የጥድ ፐልፕ ነው፤ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚበቅለው። ክሩ ረጅም ነው፤ ሲፈለቀቅ እንደ ባዘቶ ይነፋፋል፣ መሃሉም ብዙ ክፍተት ይይዛል።

የእንጨት ክር ከጥጥ ይልቅ ለዚህ ሥራ እንደሚሻል በችግር የተማረ አንድ ሰው አለ። የደቡብ ሕንዷ ኮይምባቶር ነዋሪ አሩናቻላም ሙሩጋናንታም በ1998 ለሚስቱ ርካሽ ሞዴስ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያውን በጥጥ ሠራው፤ ሚስቱ አልወደደችውም። የሚሞክሩለት ሴቶች ሲያጣ በኳስ ከረጢት የፍየል ደም ሞልቶ ራሱ ታጥቆት ዞረ፤ የሰፈሩ ሰው አበደ አለው። ውስጡ ጥጥ የመሰለው የፋብሪካ ሞዴስ ከጥድ እንጨት የተገኘ ሴሉሎስ መሆኑን ለማወቅ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀበት። ከዚያ በኋላ የሠራት አነስተኛ ማሽን የፐልፑን ሰሌዳ ትፈለቅቃለች፣ ትጫናለች፣ ታሽጋለች፤ በሕንድ ገጠሮች በሴቶች ማኅበራት እጅ ተሰራጭታለች። በ2018 የወጣው ‹‹ፓድማን›› የተባለው የሕንድ ፊልም የእሱን ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። ፊልሙ በፅናቱ ላይ ያተኩራል፤ ግን ለሁለት ዓመት ያስለፋው ነገር የኬሚስትሪ ጉዳይ ነበር።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ከሴሉሎስ ላይ ሌላውን መግፈፍ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ሴሉሎሱን ራሱን መለወጥ ነው፤ ጨዋታውም እዚህ ላይ ይከፋል።

በ1918 ጀርመን ውስጥ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ የሚባል ነገር ተሠራ። አሠራሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳ ተነክሮ ያብጣል፤ ተጣብቀው የነበሩት ሰንሰለቶች ይላቀቃሉ። ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ሲጨመርበት በአንዳንዶቹ የሃይድሮክሲል ጫፎች ላይ አዲስ ጅራት ይቀጠላል። ይህ ጅራት ውሃ ሲነካው ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ሰንሰለቱ በሙሉ እንዲህ ያሉ ጅራቶች ሲኖሩት እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ሰንሰለቱ ይዘረጋል፣ በዙሪያቸው ያለው ሶዲየም ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። አሁን ውሃው በክሮች መካከል የተቀመጠ አይደለም። ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ጄል ሆኗል። ይህን ጄል ቢጫኑትም ውሃውን አይመልስም።

ችግሩ ጅራቱ ሲበዛ ነገሩ ሁሉ ሟሙቶ ሙጫ መሆኑ ነው። አይስክሬም ውስጥ፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው እንዲህ ያለው የሚሟሟ ዓይነት ነው። ለሞዴስ እንዲሆን ሰንሰለቶቹን እዚህም እዚያም በኬሚካል ድልድይ እርስ በርስ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ እንዲያብጡ ያህል ልቅ፣ እንዳይሟሙ ያህል እስር። ሁለቱን ማመጣጠን ነው ጥበቡ። ድልድዩ ከበዛ ክሩ አይጠጣም፣ ካነሰ ያጣብቃል።

ይህን ክር ሰውነት ውስጥ ከሚገቡ እቃዎች በአንዱ ውስጥ ያስገባው የአሜሪካው ኩባንያ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ተሞክሮ በመላ አሜሪካ የተሰራጨው ሪላይ የተባለው ታምፖን (ብልት ውስጥ የሚገባ የወር አበባ መጠጫ) እንደ ሌሎቹ የተጠቀለለ ጥጥ አልነበረም። ቅርጹ የሻይ ከረጢት ይመስላል፤ በውስጡ የፖሊስተር ስፖንጅ ቁርጥራጮችና በድልድይ የታሰረ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ነበሩበት። ሲረጥብ ያብጣል፣ ጽዋ ሠርቶ ይከፈታል። ኩባንያው ናሙናውን በፖስታ በየቤቱ ላከ፤ በ1980 የአሜሪካን ታምፖን ገበያ ሩብ ያህል ይዞ ነበር። አንዲት ሴት በአማካይ በአንድ ወር አበባ ከ30 እስከ 40 ሚሊሊትር ደም ታፈሳለች፤ ሪላይ አንዱ ብቻ የወሩን ሁሉ ሊይዝ ይችላል እስከ መባል ደረሰ። የላቦራቶሪ መለኪያ ብቻ ቢታይ ከዚያ በፊት ያልታየ ስኬት ነበር።

ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1978፣ የዴንቨሩ የሕፃናት ሐኪም ጄምስ ቶድ ከ8 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሰባት ልጆች ላይ ያየውን ያልተለመደ ሕመም ‹‹ላንሴት›› ላይ አሳትሞ ነበር። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ የቆዳ መቅላት፣ የደም ግፊት መውደቅ፣ ከተረፉ ደግሞ ከሳምንት በኋላ የመዳፍና የእግር ቆዳ መላላጥ። ምክንያቱ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ መሆኑን ጠረጠረ፤ ስሙንም ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም አለው። ከልጆቹ መካከል ወንዶችም ስለነበሩ ማንም ስለ ታምፖን አላሰበም።

በ1980 ግን ታማሚዎቹ በብዛት ጤናማ ወጣት ሴቶች፣ ያውም በወር አበባቸው ሰሞን ሆነው ተገኙ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በመስከረም ያወጣው ጥናት ከታመሙት መካከል 71 በመቶው ሪላይ ተጠቃሚ እንደነበሩ፣ ካልታመሙት ግን 26 በመቶው ብቻ እንደነበሩ አሳየ። መስከረም 22 ቀን ኩባንያው ሪላይን ከገበያ አነሣ። በዚያ ዓመት ብቻ ከወር አበባ ጋር በተያያዘ በዚህ ሕመም የሞቱት 38 ሴቶች ተመዝግበዋል።

ጥፋቱ የክሩ ነበር? እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ስታፊሎኮከስ ብዙ ሰው ላይ ያለ ባክቴሪያ ነው፤ መርዙን የሚያመነጨው ዓይነት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው አዋቂም መከላከያው በደሙ አለው። መርዙ እንዲፈጠር ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ብልት ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ትንሽ ነው። ትልቅና አየር የያዘ ታምፖን ኦክስጅኑን ይዞለት ይገባል። የኒው ዮርኩ ማይክሮባዮሎጂስት ፊሊፕ ቲየርኖ በበኩሉ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎሱ ራሱ በኢንዛይም ተፈርሶ ለባክቴሪያው ምቹ መኖሪያ ሆኗል ብሎ ተከራከረ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። የማያከራክረው ነገር ግን ሕመሙ በጥጥ ታምፖንም የታየ መሆኑ፣ አደጋውም ታምፖኑ በሚጠጣው መጠን ልክ የሚጨምር መሆኑ ነው። ብዙ መጠጣት የኢንዱስትሪው ኩራት ነበር። እዚህ ግን ብዛቱ ራሱ የአደጋው መለኪያ ሆነ፤ ምክንያቱም አንድ ታምፖን ቀኑን ሙሉ እንዲቆይ ያደረገው እሱ ነው።

መንግሥት ዘግይቶ ያወጣው ደንብም ይህን ተከትሎ መጣ። ከ1990 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በየታምፖኑ ሣጥን ላይ የሚጠጣው መጠን በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲጻፍ ተደረገ፦ ከ6 እስከ 9 ግራም የሚጠጣው ሬጉላር፣ ከ9 እስከ 12 ግራም የሚጠጣው ሱፐር። ከዚያ በፊት የአንዱ ኩባንያ ሬጉላር ከሌላው ሱፐር የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ደንቡ እንዲወጣ ለዓመታት የወተወቱት በቦስተን ያሉ የሴቶች ጤና ተሟጋቾች ናቸው፤ ከነሱ መካከል አስቴር ሮም ትጠቀሳለች። በመለኪያው ማሽን ውስጥ የሚንጠባጠበው ግን ደም አይደለም፣ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ደም ወፍራም ነው፤ ሴሎችና ፕሮቲን አለው፤ ክሮቹ መካከል ሲገባ ይዘገያል። ገበያ ላይ ያሉ 21 የወር አበባ እቃዎች በእውነተኛ የሰው ደም ተለክተው ውጤቱ የታተመው በ2023 ነው፤ ጥናቱን ያካሄዱት የኦሪገን ጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ኮቴክስ ከወጣ አንድ መቶ ሦስት ዓመት ሆኖት ማለት ነው። ለመኪና ዘይት ማጣሪያ እንዲህ የዘገየ ፈተና መኖሩ ያጠራጥራል።

ታምፖን ዛሬ ወደ ጥጥና ቪስኮስ ወደሚባለው የሴሉሎስ ክር ተመልሷል። ሰውነት ውስጥ የማይገቡት ሞዴስና ዳይፐር ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ ያለው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ፣ ያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፔኒሲሊን በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ ያገኘው፣ በ1970ዎቹ ለትርፍ በቆሎ ጥቅም ሲፈልግ የበቆሎ ስታርች ላይ ሰው ሠራሽ ሰንሰለት ቀጥሎ የክብደቱን ብዙ መቶ እጥፍ ውሃ የሚጠጣ ዱቄት ሠራ። ጃፓኖች ሐሳቡን ወስደው ወደ ሞዴስና ወደ ዳይፐር አመጡት። ብዙም ሳይቆይ ስታርቹ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ ከነዳጅ የሚገኘው ፖሊአክሪሌት ተተካ። ዳይፐር ሲቀደድ የሚረግፈው፣ ስኳር የሚመስለው ዱቄት ይህ ነው። በንጹሕ ውሃ ብዙ መቶ እጥፍ ይጠጣል፤ ጨው ባለበት ሽንት ግን ጨው ጉልበቱን ስለሚሰብረው ወደ 30 ወይም 50 እጥፍ ይወርዳል። ይህም ቢሆን ከተራ ክር ይበልጣል።

ዱቄቱ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ይዘገያል። ሕፃን ሽንቱን የሚለቀው በጥቂት ሰከንድ ነው፣ ዱቄቱ ለማበጥ ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያ መካከል ፈሳሹን ተቀብሎ የሚያሰራጭ ሌላ ንብርብር ያስፈልጋል። ተራ ፐልፕ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ይሟሽሻል፣ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ሽንት ሲመጣ መግቢያ የለውም።

መፍትሔው ከሎሚ ውስጥ ወጣ ቢባል አያስዋሽም። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ባስመዘገባቸው የፈጠራ መብቶች ውስጥ የጥድ ክር እየደረቀ ሳለ፣ ተጠማዝዞ እንዳለ፣ ሰንሰለቶቹ በድልድይ ይታሰራሉ። መጀመሪያ ድልድዩ ግሉታራልዴሃይድ ነበር፤ የሆስፒታል እቃ ማምከኛ የሚሆን፣ ቆዳና ሳንባ የሚያስቆጣ ኬሚካል። በኋላ በሲትሪክ አሲድ ተተካ። አሲዱ በክሩ ላይ ተረጭቶ ሲጋገር የሲትሪክ አሲዱ እጆች ሁለት ሴሉሎሶችን ይዘው ይቀራሉ። ክሩ ሲረጥብ እንኳ ጥምዝነቱን አይለቅም፤ ተጭኖ ሲለቀቅ ይነሣል። የሚያስደንቀው ይህ ክር በራሱ ከተራው ያነሰ ውሃ የሚጠጣ መሆኑ ነው። ጥማቱ ተቀንሶለታል። ነገር ግን በመካከሉ ያለው ክፍተት ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ ንጣፉ በሙሉ ፈሳሹን ቶሎ ይውጣል፣ ከታች ላለው ዱቄትም ያቀብላል። በማሸጊያ ላይ ‹‹እጅግ በጣም ይጠጣል›› ከሚለው ማስታወቂያ ጀርባ ያነሰ እንዲጠጣ ተደርጎ የተሠራ ክር አለ።

ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ጫካና ፋብሪካ ታሪክ ነው። የጥድ ፐልፕ ፋብሪካ በትንሹ አይሠራም፤ ወንዝ ያህል ውሃና ከተማ የሚያክል ግቢ ይፈልጋል። ጥድም በአንድ ዓመት አያድግም። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ሌላ ክር የሚፈልጉ ሰዎች ተነሡ። የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲው ሞሰስ ሙሳዚ በኡጋንዳ ከደንገልና ከተጣለ ወረቀት ማካፓድ የተባለ ሞዴስ ሠራ። በሩዋንዳ ደግሞ ኤስ ኤች ኢ የተባለው ድርጅት የሙዝ ግንድ ክር ተጠቀመ፤ ሙዝ አንዴ ካፈራ በኋላ ግንዱ ይቆረጣልና ጥሬ ዕቃው መሬት ላይ ወድቆ የሚገኝ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በኬሚስትሪው በኩል በቅርብ ሊታይ የሚገባው ሲሳል ነው። በ1893 ጀርመናዊው ሪቻርድ ሂንዶርፍ ከአሜሪካ ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ ያስገባው ይህ እሾኻም ተክል በታንዛኒያና በኬንያ ሰፊ እርሻ ሆኗል፤ ከቅጠሉ ክብደት ክር ሆኖ የሚወጣው ከመቶ 4 ገደማ ብቻ ነው፣ የቀረው ጭማቂና ገለባ ነው። ክሩ ለገመድና ለጆንያ የታወቀ ነው፤ ጠንካራና ሸካራ ነው። ማንም ሰው በወጉ ቢያስበው ለቆዳ የሚሆን አይመስልም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማኑ ፕራካሽ፣ በወረቀት የሚታጠፍ ማይክሮስኮፕ በመሥራቱ የሚታወቀው፣ ከባልደረባው ከአንቶን ሞሊናና ለአነስተኛ ገበሬ የሚሆን የሲሳል መላጫ ማሽን ከሠራው ኬንያዊ አሌክስ ኦዱንዶ ጋር ሆኖ በ2023 ያሳተመው ሥራ የተለየ መልስ ሰጠ።

መንገዳቸው ይህ ነው። ክሩ በአጭሩ ይቆረጣል። ከፎርሚክ አሲድና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚገኘው ፐርኦክሲፎርሚክ አሲድ በቀጭኑ ይዘጋጅና ክሩ ይሞቅበታል፤ አሲዱ ሊግኒኑን እየቆረጠ ያወጣል፣ ሴሉሎሱን ግን ብዙም አይነካውም። ቀጥሎ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። የከባድ ፋብሪካ ግፊት አያስፈልገውም፣ ክሎሪንም የለበትም። በመጨረሻ ክሩ በመፍጫ ተፈልቅቆ ይነፋፋል። ሊግኒን በወጣበት ቦታ የክሩ ገጽ ይሻክራል፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈቱበታል፤ ተመራማሪዎቹ እንደለኩት የተገኘው የተነፋፋ ክር ገበያ ላይ ባሉ የወር አበባ እቃዎች ውስጥ ካለው ጥጥ ይበልጥ ይጠጣል። ለገመድነት የሚፈለገውን ጥንካሬ ሆን ብለው ገፈፉት ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚያነብ ሰው ቃጫን ሳያስብ አያልፍም። ሲሳል በየገጠሩ ለአጥር ይተከላል። ከዚያ በላይ ደግሞ እንሰት አለ። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያና በከምባታ ሴቶች ቆጮ ሊያወጡ የእንሰቱን ግንድ ቅጠል በሰሌዳ ላይ አስደግፈው ሲፍቁ የሚቀረው ረጅም ነጭ ክር ቃጫ ነው፤ ለገመድ፣ ለጆንያ፣ ለቤት መሥሪያ ማሰሪያ ይሸጣል። ዋናው ምርት ምግቡ በመሆኑ ክሩ ለእርሻ ተጨማሪ መሬት አይፈልግም። እንደ ሲሳልም ሊግኒን አለበት፤ በዚያው መንገድ ቢሄድ ያው የማላቀቅ ሥራ ይጠብቀዋል።

ለማላቀቁ የሚያስፈልገው ኬሚካል ግን ከሻይ ቤት አይገዛም። ፎርሚክ አሲድ ያቃጥላል፤ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲቀላቀል በጥንቃቄ ካልተያዘ ሊፈነዳ ይችላል። ክሩም አሲዱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቀው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፣ አለዚያ ቆዳ ይጎዳል። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ዕድሜው ክሩ ይለያያል፤ ዛሬ የተሠራው ሞዴስ ከነገው እኩል እንዲጠጣ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የታጠበው ክር ባክቴሪያ እንዳይኖርበት መመርመርም ያስፈልጋል፤ በአየር ላይ የደረቀ እፅዋት ሻጋታ ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው። የመቐለዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ በማርያም ሰባ ፋብሪካዋ ሌላውን ጎዳና መርጣለች፤ ታጥቦ በተደጋጋሚ የሚያገለግል የጨርቅ ሞዴስ ሠርታ በ2019 የሲ ኤን ኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። የጨርቁ መንገድ የክር ኬሚስትሪን አያስጨንቅም፤ ሳሙናና ንጹሕ ውሃ፣ የሚሰጣበትም ቦታ ይፈልጋል እንጂ።

የሚጣለው ሞዴስ ግን በከተማ ገበያው ያደላለታል። በአገር ውስጥ የሚገጣጥሙት ፋብሪካዎች የሚፈለቅቁት ፐልፕ በጥቅል በጥቅል በመርከብ የሚመጣ የጥድ ክር ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ዶላር በጠፋ ጊዜ ማሽኑ ይቆማል። ከተጠቀሙበት በኋላ ክሩ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል፣ ሴሉሎስ ነውና። አብሮት ያለው ፖሊአክሪሌትና ከሥር ያለው ፕላስቲክ ግን አይበሰብሱም።